ፒልስነር ቀማሿ

«በመዳፍሽ ቀምሰሽ ነው የሰጠሽው» አልኳት። «በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ማየትህን ማን ካደ?» አለች። አንድ እግሯን የአልጋው ጠርዝ ላይ ሰቅላ የጫማዋን ማሰሪያ ታስራለች። «ያየኸው አልገባህም ነው የምልህ።»

«ምኑ ነው የማይገባኝ? ጠላ ቤት ያደግሽው አንቺ ነሽ። እናትሽ ለእንግዳ እንዴት እንደምትቀዳ የነገርሽኝም አንቺ ነሽ።»

«እናቴን ተዋት።»

«እናትሽን አልነካሁም። መዳፍሽን ነው ያልኩት።»

«መዳፌንም ተወው» አለችና ማሰሪያውን ጥብቅ አደረገችው።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የምንኖረው ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሳሎን በኮምፖርሳቶ ለሁለት ተከፍሎ በተሠራ ክፍል ነው። በወዲያኛው ግማሽ ቤቱን በስማቸው የተከራዩት ጋሼ ይኖራሉ። የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ ኮዝሞ ሲቲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ጴንጤ ስለሆኑ አልኮል በራቸውን እንዲያልፍ አይፈቅዱም። ኮምፖርሳቶው ጣሪያ አይደርስም። ስለዚህ እኛ ስንጣላ ጋሼ ሦስተኛው ተጣሊ ናቸው ማለት ይቻላል።

«ልጆች!» አሉ ከወዲያ። «ጠላ ነው፣ ጠጅ ነው፣ ምንድን ነው የምሰማው በጠዋቱ?»

«ወሬ ነው እንጂ መጠጥ አይደለም ጋሼ» አለች።

«ወሬውም ያሰክራል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አገር ጠላ ወይም ጠጅ የምትቀዳ ሴት መጠጡን ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት ከብርጭቆው ጥቂት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትጠጣለች። ክፉ ነገር ካለበት መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ ማለቷ ነው። እንግዳው ይህን ካየ በኋላ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይቀበላል። አንዲት ሴት ለአንድ ወንድ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ምንም ሳትናገር እንዲህ ያለ ነገር የምትነግርበት ሌላ መንገድ እኔ አላውቅም። እሷ ደግሞ ባለፈው እሑድ ይህን ያደረገችው ለምትሠራበት ፋብሪካ ቢራ ጠማቂ ነው። ከታንከሩ ቀዳች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች፣ ከዚያ ብርጭቆውን ለሱ አቀበለችው። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ነበር።

«ለኔ አንድ ቀን እንኳ ውሃ ቀምሰሽ ሰጥተሽኝ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ውሃ ምኑ ይቀመሳል?» ብላ ትንሽ አሰበችና፣ «ለነገሩ የዚህ ፎቅ ውሃ መቀመስ ነበረበት» አለች።

«ቀልጂ።»

«ልንገርህ፣ ስማኝ። ቢራ ከታንከር በብርዱ ሲወጣ ሽታው ተኝቷል። መዳፍ ላይ ሲሞቅ ይነሳል። ሥራ ነው። አንተ ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብሱን በእጅህ ዳብሰህ አይደል ጥራቱን የምትናገረው? ታዲያ ብርድ ልብሱን ታፈቅረዋለህ?»

«ብርድ ልብስ ‹ሲሲ› ብሎ አይጠራኝም።»

ሳትፈልግ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሲሲ የሚላት ጠማቂው ነው። በዙሉ እህቴ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ሴትን ሁሉ በአክብሮት እንዲህ ይጠራሉ፤ የታክሲ ሹፌሩም፣ የሱቅ ዘበኛውም። ከሱ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። የሶዌቶ ልጅ ነው፣ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እጁ ትልቅ። ሥራ የጀመረች ሰሞን ስለ እሱ ስታወራልኝ «እሳቸው» ትል ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ሽንኩርት እየላጥን፣ «እሱ እኮ ብቅሉን ራሱ ነው የሚያጣጥመው» አለችኝ። እሳቸው እሱ የሆነበትን ቀን ከኔ በቀር ማንም ልብ አላለውም፤ እሷ ራሷም።

ከከተማው በስተምሥራቅ ባለች ትንሽ ቢራ ፋብሪካ የተቀጠረችው ብርጭቆ ለማጠብ ነበር። ፋብሪካው ትንሽ ስለሆነ ሠራተኛውን ሁሉ፣ ሹፌርም ይሁን ጽዳት፣ የሚያስቀምሱበት ልማድ አላቸው። ሦስት ብርጭቆ ይቀርብልሃል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቢራ ናቸው፤ አንዱ ይለያል። የሚለየውን አውጣ ይሉሃል። እሷ አወጣች። ደግመው አቀረቡላት፣ ደግማ አወጣች። ማታ ቤት ስትመጣ በሩን በእግሯ ገፍታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «አፍንጫዬ ሥራ አገኘ! የእናንተ አፍንጫ መነጽር ተሸክሞ ይቀመጥ!» ብላ ፎከረች። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ጋሼ ከወዲያ ሆነው ዜናውን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ትጠጫለሽ ማለት ነው?» አሉ። «አልጠጣም ጋሼ፣ እቀምሳለሁ እንጂ» አለቻቸው። «ሔዋንም የቀመሰችው ነው» አሉ ጋሼ።

እኔም ያን ቀን አብሬ ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር ብል ውሸት አይሆንም። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም።

መጀመሪያ ሽቶዋን ተወች። ከገበያ ማዕከሉ የገዛችው፣ በሐምራዊ ጠርሙስ ያለ፣ ጣፋጭ ርካሽ ሽቶ ነበራት። ከሷ ጋር ስተኛ ያን ሽታ ነበር የምሰማው። ቀማሽ ሽቶ አይቀባም ተባለች፤ በቃ፣ ከአልጋው ሥር ገባ። ቀጥሎ ቅባቷን ተወች። ቀጥሎ በቅምሻ ቀን ጠዋት ጥርሷን በውሃ ብቻ ትቦርሽ ጀመር፤ የጥርስ ሳሙናው አፍ ያበላሻል። የቅምሻ ቀን ልብሷን ደግሞ የበርበሬና የቁሌት ሽታ እንዳይነካው ላስቲክ ውስጥ አስራ ከመስኮቱ ውጭ ታንጠለጥለው ጀመር። የሰው ሚስት ለሌላ ስትል ታጌጣለች ሲባል ሰምቻለሁ። የኔዋ ለሌላ ስትል ጌጧን ሁሉ አወለቀች። እኔ የማውቃት ሽታዋ አንድ በአንድ ሲጠፋ፣ እነዚያ ሰዎች ደግሞ ምንም ያልተቀባ ገላዋን ሲያገኙት ይታየኝ ነበር።

ስለ ራሴም ጥቂት ልበል። ከሻሸመኔ ነኝ። መሀል ከተማ፣ ጂፒ በሚሉት የአበሻ ሱቆች ሰፈር፣ የአንድ ስልጤ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ብርድ ልብሶቹ መሀል ቆሜ በስልኬ እጽፋለሁ፤ ማታ ለሷ አነብላታለሁ። ሁልጊዜ መልሷ አንድ ነው፤ «ግሩም ነው» ትለኛለች። ሰሃን እያጠበችም ግሩም ነው፤ ዓይኗን ጨፍናም ግሩም ነው። በቤታችን ውስጥ የቃል ሰው እኔ ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው። በቤታችን ያለውን ነገር ሁሉ እንካፈል ነበር፤ ቃል ግን የኔ ድርሻ ነው ብዬ አምን ነበር።

ከዚያ የቤተሰብ ቀን የሚሉት መጣ። ሠራተኞቹ ዘመድ ይዘው የሚመጡበት የእሑድ ከሰዓት። ሁለት ታክሲ ቀይረን ሄድን። አዳራሹ ሲገቡበት ገና የተቆላ ገብስ ይሸታል፤ ታንከሮቹ ከጣሪያ የተንጠለጠለውን መብራት መልሰው ያንጸባርቃሉ። እንደ ቤቷ ገባች። ወለሉ የት እንደሚያንሸራትት ታውቃለች፤ ሰዎቹ ከሩቅ እጃቸውን ያነሱላታል። እኔ ኮቴን በክንዴ ይዤ ከኋላዋ ተከተልኩ። ጠማቂው መጣ፣ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠና፣ «ገጣሚው አንተ ነህ! ስለ አንተ ሁልጊዜ ታወራለች» አለኝ። በዚያን ሰዓት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት «ሁልጊዜ ሲያወሩ መቼ ይሠራሉ?» ብዬ ነው።

እንግዶቹንም ለጨዋታ ያህል አስቀመጡን። ነጭ ወረቀት በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሦስት ብርጭቆ ቀረበልን፤ እያንዳንዱ ላይ ሽታው እንዳይወጣ ክዳን አለው። ውሃና ጨው የሌለበት ብስኩት አለ። ሕጉን ነገሩን፤ ሲቀምሱ ዝም ነው። ፊት አይኮሳተርም፣ አይሳቅም፣ ጎረቤት አይታይም። ምክንያቱም የአንዱ ፊት የሌላውን ምላስ ያሳስታል። ቢራው ፒልስነር ነው፤ ገለባ የመሰለ ቀጭን ወርቃማ፣ ጣትህን ከኋላው ብታቆም የጣትህ መስመር የሚቆጠርበት፣ አረፋው ነጭና ወፍራም። በእንዲህ ያለ ቢራ ውስጥ ጥፋት መደበቂያ የለውም ይላሉ። ጥቁሩ ቢራ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ይሄኛው ራቁቱን ነው።

ቀመስኩ። አንደኛው መረረኝ። ሦስተኛውም መረረኝ። መካከለኛው ግን... መካከለኛው ለስላሳ ነበር። ምላሴ ላይ ተንሸራተተና አንድ የማውቀው፣ የምወደው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ይሄ ነው አልኩ። ቃል ማዘጋጀት ጀመርኩ፤ እንግሊዝኛዬን አስተካከልኩ፤ እሷም እንድትሰማ፣ እሱም እንዲሰማ።

ጠማቂው «እሺ ገጣሚ፣ ከሦስቱ የቱ ነው ጥሩው?» አለኝ።

ተነሥቼ ቆምኩ። ማንም ቁም አላለኝም። «መካከለኛው» አልኩ። «ሌሎቹ ተራ ናቸው። ይሄ ግን በክረምት የተገፋ፣ ገና ከቅሉ የወጣ ለጋ ቅቤ ይሸታል። ሙሽራ ራሷ ላይ የሚደረግ ቅቤ። ይህን የሠራ እጅ ይባረክ።»

የፋብሪካው ሹፌር ከንፈሩን ነከሰ። ጠማቂው በጣም ቀስ ብሎ፣ በጣም በጨዋ ድምፅ፣ «ቅቤውን በትክክል አግኝተሃል ወንድሜ። እሱ ሆን ብለን ያበላሸነው ነው» አለኝ። ፒልስነር ሳያርፍ ቸኩሎ ከወጣ ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ቀማሾቹን ለማሠልጠን ከትንሽ ብልቃጥ ጠብታ ጨምረውበታል። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር። እኔ ባደግኩበት ቤት ቅቤ ሸተተ ማለት ከምስጋና ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ያን ሁሉ ምስጋና ወስጄ ጥፋት ላይ አፈሰስኩት።

ወደ እሷ አየሁ። አልሳቀችም። አላየችኝምም። ዓይኗ ብርጭቆው ላይ ነበር።

ከዚያ እሷን ጠየቃት። «ሲሲ፣ ደህናውን አንቺ ንገሪን።» ብርጭቆውን አንዴ አሽከረከረች፣ አሸተተች፣ ትንሽ ጎነጨች፣ ዋጠች፤ መራራው የሚታወቀው ከምላስ ሥር ስለሆነ ቢራ ቀማሽ አይተፋም። ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ግጥም ሳነብላት የምትጨፍነው ዓይን አልነበረም፤ ያኛው ለመተኛት ነው። ይሄ ለማዳመጥ ነበር።

በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «መጀመሪያ ዳቦ ነው» አለች። «ቅርፊቱ። ከዚያ የታጨደ ሣር፣ ጠዋት። ከዚያ መራራው ይመጣል። እንደ ጥሩ ጎረቤት ነው፤ መጣ፣ ጉዳዩን ተናገረ፣ ቁጭ በል ሳትለው ሄደ። በሩንም ዘግቶልህ።»

ጠማቂው አልሳቀም። ተነሣ፤ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ሄዶ ጠመኔ አነሣና ያለችውን ቃል በቃል ጻፈው። ሰዎቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ መዳፌ እስኪግል። «መጣ፣ ጉዳዩን ተናገረ፣ ሄደ።» ያቺን አረፍተ ነገር እኔ ብጽፋት ኖሮ ለአንድ ወር እኮራባት ነበር። እሷ ብርጭቆውን አስቀመጠችና ብስኩት በላች።

መዳፉ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከአዲሱ ታንከር ልታስቀምሰን ቀዳች፤ ጠብ አደረገች፣ ቀመሰች፣ ለሱ ሰጠችው። ተቀበላት። በሁለት እጁ! ማን አስተማረው? ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ፤ እሱም የራሱን መዳፍ ዘርግቶ ጠብ አደረገ። «የሷ ዘዴ ነው፤ አሁን ሁላችንም እንዲህ ነው የምንቀምሰው» አለኝ እየሳቀ። አንዱ አንዱን እያየ መዳፉን አፉ ላይ ያደርጋል። አዳራሹ ሙሉ ሰዎች የማያውቁትን የኛን ነገር ያደርጉ ነበር፤ እኔ ብቻ ደረቅ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆሜያለሁ።

በታክሲው ከሰፈራችን አጠገብ እስካለው ሂልብሮው ድረስ ተመለስን። ጠቡ የተነሣው ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ ካብላላሁት በኋላ፣ በዚያች ቅዳሜ ነው። ያን ቀን አራት ሰዓት ላይ ፈተና ነበራት። ካለፈች ብርጭቆ ማጠብ ቀርቶ ቋሚ ቀማሽ ትሆናለች፤ በሚመጣው ወር ደግሞ ከጠማቂውና ከሌሎቹ ጋር ቢራ ለሚዳኝበት ውድድር ኬፕታውን ትሄዳለች። ይህን ከነገረችኝ ጀምሮ በዓይኔ የሚዞረው ባሕር፣ ሆቴልና የሱ ትልቅ እጅ ነበር። እንዳትሄድ ፈልጌ ነበር። ይህን ፊት ለፊት ለማለት ወኔ ስላጣሁ የመዳፏን ነገር ሰበብ አድርጌ ያዝኩ።

«ዛሬ ካልሄድሽ ምን ይሆናል?» አልኳት በመጨረሻ።

ከመስኮቱ ውጭ የተንጠለጠለውን ላስቲክ ስባ ሸሚዟን አወጣች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ለበሰችው። «ሌላ ሰው ይወስደዋል።»

«ይውሰደው።»

«ለምን?»

«ምክንያቱም...» አልኩ።

«ምክንያቱም ቅናት ይዞሃል» አለች ዞር ብላ። «በቅቤው ነው የተናደድከው። ሰው ፊት ስለተሳሳትክ። እኔም እኮ የመጀመሪያ ቀን ቅቤውን አንደኛ ብዬዋለሁ! ማንም አበሻ ይለዋል። እኔ ግን ‹ጥፋት ነው› ሲሉኝ ‹ለምን?› አልኩ። አንተ ‹እንዴት ተደፈርኩ› አልክ።»

«ለምን በዓይንሽ እንኳ ምልክት አልሰጠሽኝም?»

«ሕግ ነዋ! ቀማሽ ለጎረቤቱ ምልክት አይሰጥም።»

«ጎረቤትሽ ነኝ?»

«እዚያ ጠረጴዛ ላይ፣ አዎ።»

ከወዲያ ጋሼ ድስት ሲያስቀምጡ ተሰማ። «አንተ ልጅ፣ ሥራ ነው ትልሃለች እኮ» አሉ። «እኔ ቢራ እንዲሸጥም እንዲቀመስም አልወድም፣ ጌታ ያውቃል። ግን ቅናት ደግሞ ከቢራው የባሰ ነው፤ ከሱ የተፈወሰ አላየሁም።»

«ጋሼ፣ እባክዎ» አልኩ።

«እሺ፣ እሺ፣ ጆሮዬን ዘግቻለሁ» አሉ። ጆሯቸውን እንዳልዘጉ ሦስታችንም እናውቃለን።

ያኔ ነው ስልኬን ያወጣሁት። ለምን እንዳወጣሁት በደንብ አውቃለሁ። ያን የተጨፈነ ዓይን ፈልጌ ነበር። ለገብስና ለውሃ የምትሰጠውን፣ እኔ አንድ ቀን ያላገኘሁትን። «እሺ» አልኳት። «አንቺ ዳኛ ነሽ። ይሄን ፍረጂ። እንደዚያ ቢራ። ግሩም ነው እንዳትይኝ።»

ሰዓቷን አየች። ታክሲ ለመያዝ መውጣት ነበረባት። አልጋው ላይ ግን ቁጭ አለች። «አንብብ» አለችኝ።

አነበብኩ። ሱቅ ውስጥ የጻፍኩት ስለ ሂልብሮው ፎቆች ነበር።

ሰገነቱ ሁሉ ልብስ ተሰጥቶበት፣
ባንዲራ ይመስላል አገር የሌለበት።

ከዚያ ይቀጥላል፤ ስለ ስደት፣ ስለ ልብ፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ ዕንባ። እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ቀና ስል ዓይኗን ጨፍናለች። ራሷን ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል አድርጋለች። ያ ፊት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ለኔ ሆነ።

«መልኩ ጥሩ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ፈታኝ። «ጥርት ያለ ነው፤ ወዲያ ማዶ ይታያል። አገባቡም ጥሩ ነው። ባንዲራው ላይ ስትደርስ እዚህ ጋ ነካኝ።» ጉሮሮዋን አሳየችኝ። «እዚያ አልቆ ነበር።»

«የቱ ጋ?»

«አገር የሌለበት ስትል። እዚያ አልቋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ማብራሪያ ነው። አንተ ሰው አይገባውም ብለህ ትፈራለህ። ስለዚህ ዕንባ ትጨምራለህ፣ ልብ ትጨምራለህ። ስኳር እንደመጨመር ነው። መጨረሻው ላይ አፌ ውስጥ የቀረው የመጀመሪያው ጣዕም አይደለም፤ የጨመርከው ነው።» ዓይኗን ገለጠች። «ሁለቱን መስመር ግን ማንም ቢያመጣልኝ ጥሩ ነው እላለሁ። የአንተ መሆኑን ሳላውቅም።»

እውነት ነበር። የተናገረችው ሁሉ፣ ከአፏ ሲወጣ ገና፣ እውነት መሆኑን አውቄዋለሁ። እኔ በጥርጣሬ ስዞረው የከረምኩትን ነገር ጣቷን ቀጥ አድርጋ አኖረችበት። ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ አድርጎ አላነበበኝም። እጇን ይዤ አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ፤ ደግሜ ላንብብልሽ፣ ሌላም አለኝ ማለት ነበረብኝ። ፍቅሬ ሁሉ ወደ ጉሮሮዬ መጣ። ወደ አፌ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ይህን ጆሮ ለስንት ጊዜ ለሌላ ሰው ስትሰጠው እንደኖረች አሰብኩ፤ በየጠዋቱ፣ በዚያ ጠረጴዛ፣ ዓይኗን ጨፍና።

«ለሱም ስትነግሪው ድምፅሽ እንዲህ ነው የሚሆነው?» አልኳት።

«ምን አልክ?»

«ሰምተሽኛል።»

ተነሣች። ወዲያው አልተናደደችም፤ ብትናደድ ይሻለኝ ነበር። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ቀስ ብሎ ሲወጣ አየሁት። «አሁን እኮ...» ብላ ወደ ስልኬ ጠቆመችና ተወችው። «እሱ ሲጠይቀኝ መልሱን ፈልጎ ነው። አንተ የምትጠይቀኝ ልትይዘኝ ነው።»

«ኬፕታውን ከሄድሽ...»

«ከሄድኩ ምን?»

ጠበቀችኝ። በእውነት ጠበቀችኝ፤ ታክሲው ቢያመልጣትም፣ ቆማ፣ አረፍተ ነገሩን እንድጨርስ። ቢያንስ አንድ ቃል ብትወጣኝ፣ ጥሩም ትሁን መጥፎ፣ የምትፈርድበት ነገር ታገኝ ነበር። በአፌ የመጣው ሁሉ «አትሂጂ» ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እንደ ልመና ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ካልሆነ ማለት አልቻልኩበትም።

«ልጄ፣ ጌታ ይርዳሽ» አሉ ጋሼ ከወዲያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«አሜን ጋሼ» አለች።

ከራስጌው ግድግዳ የስልኳን ቻርጀር ነቀለች። ገመዱን በጣቶቿ ዙሪያ በጥንቃቄ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለአንድ ጠዋት ፈተና ቻርጀር አይያዝም፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ቀጥሎ ፔፐሯን፣ ያን የጥገኝነት ወረቀቷን፣ ከትራሱ ሥር አውጥታ አጣጥፋ ኪሷ አደረገች። እኔ ስልኬን እንደያዝኩ አልጋው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ መብራቱ ጠፍቶ ጥቁር መስታወቱ ላይ የራሴን ፊት አየዋለሁ።

«ሁለቱን መስመር እንዳትነካቸው» አለችኝ።

ወጣች። በሩን ከኋላዋ ሳበችው፤ ተዘጋ።